አባ ጎርጎርዮስ፦ የካርታችንን ስሕተት ያቃኑ መምህር

አትላስ ሲነሣ ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዛሬው ዓለም ነው፤ የዛሬው ወሰን፣ የዛሬው ከተማ፣ የዛሬው መንገድ። ነገር ግን ታሪካዊ አትላስ የሚባል ሌላ ዓይነት መጽሐፍም አለ። በእሱ ውስጥ የጥንቱ ጂኦግራፊና የዛሬው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በግራው ገጽ የጥንት ሰዎች አንድን አገር እንዴት አድርገው እንደሣሉትና ምን ብለው እንደጠሩት ይታያል። በቀኙ ገጽ ደግሞ ያው አገር በትክክል የት እንዳለ፣ ዛሬም ምን ተብሎ እንደሚጠራ ይታያል። ተማሪው ሁለቱን ገጾች ሲያስተያይ፣ መሬቱ ሳይንቀሳቀስ የሰው ዕውቀት ምን ያህል እንደተጓዘ በዓይኑ ያያል።

ታዲያ ለአገራችን እንዲህ ያለ አትላስ ቢዘጋጅ፣ ከግራው ገጽ ወደ ቀኙ የሚያሻግረን ሰው ማን ነው? መልሱን ስንፈልግ የምናገኘው ንጉሥ ወይም የጦር መሪ አይደለም። ካርታ ሠሪም አይደለም። በስደት ይኖሩ የነበሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ቄስ፣ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ጂኦግራፊና ታሪክ ለማስተማር የምንዘጋጅ ሁሉ ሕይወታቸውን ማወቅ ይገባናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከእሳቸው በፊት የነበረው ካርታ

የአባ ጎርጎርዮስን ሥራ ለመመዘን በመጀመሪያ የተሳሳተውን ካርታ ማየት ያስፈልጋል።

በ2ኛው ክፍለ ዘመን በእስክንድርያ የኖረው በጥሊሞስ ስለ ዓለም ጂኦግራፊ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። አክሱምን በስም ጠቅሷል። አስታጶስና አስታቦራስ የሚባሉ ሁለት ወንዞችንም ያውቅ ነበር። እነዚህ ወንዞች ዛሬ ዓባይና አትባራ የምንላቸው መሆናቸውን ሊቃውንት ይስማሙበታል። ኮሎኤ ያለው ሐይቅ ደግሞ ጣና እንደሆነ ይታመናል። ይሁን እንጂ በጥሊሞስ የናይል ዋና ምንጭ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉት የጨረቃ ተራሮችና ከሁለት ሐይቆች ነው ብሎ ስለጻፈ፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ካርታ ሠሪዎች ለ1400 ዓመታት ያህል ይህንኑ እየገለበጡ ሲሥሉ ኖሩ።

ከዚያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አብርሃም ኦርቴልዮስ የሚባል የአንትወርፕ ሰው ተነሣ። በ1570 ያሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያው ዘመናዊ አትላስ እየተባለ ይጠራል። ኦርቴልዮስ በዚህ ብቻ አላበቃም። በ1578 የጥንት የቦታ ስሞችን ከዘመኑ ስሞች ጋር እያነጻጸረ የሚያሳይ መዝገብ አወጣ፤ ከ1579 ጀምሮ ደግሞ የጥንቱን ዓለም የሚያሳዩ ካርታዎችን በአትላሱ ላይ ጨመረ። ስለዚህ የታሪካዊ አትላስ አባት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ግን ነገሩ የሚያስገርመው እዚህ ላይ ነው። ጥንቱንና አዲሱን በማነጻጸር የተካነው ይኸው ሰው በ1573 የኢትዮጵያን ካርታ ሲያወጣ ርእሱን የካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ አገር አለው። አገሪቱንም ከምድር ወገብ አሳልፎ እጅግ ወደ ደቡብ ለጠጣት። የናይልን ምንጭም እንደ በጥሊሞስ ከደቡብ ሐይቆች አስነሣው። ኢትዮጵያ ግን በጠቅላላው ከምድር ወገብ በስተሰሜን፣ በ3 እና በ15 ዲግሪ መካከል ገደማ የምትገኝ አገር ናት። በካርታው ላይ ጎጃምም፣ አማራም፣ ሸዋም በስማቸው አሉ፤ ቦታቸው ግን ቦታቸው አይደለም።

ስሕተቱ የመጣው ከስንፍና አልነበረም። ኦርቴልዮስ መጻሕፍት ያገላበጠ፣ የተጓዦችን ወሬ ያሰባሰበ ሰው ነው። የጎደለው አገሩን ያደገበትን ሰው ፊት ለፊት መጠየቅ ነበር። ከእሱ 100 ዓመት በፊት፣ በ1450ዎቹ፣ ፍራ ማውሮ የሚባል የቬኒስ መነኩሴ የዓለምን ካርታ ሲሠራ ኢትዮጵያውያን ካህናትን ጠይቆ ስለነበር የአገራችንን ወንዞችና አውራጃዎች ከሌሎቹ በበለጠ ዝርዝር አሳይቶ ነበር። ይህ ትምህርት ግን ተዘነጋ። እንደገና ለመማር ሌላ ኢትዮጵያዊ መምህር መምጣት ነበረበት።

ትውልድና ስደት

አባ ጎርጎርዮስ የተወለዱት በ1595 ገደማ ነው። አገራቸው መካነ ሥላሴ ይባላል፤ ዛሬ ወሎ በምንለው ምድር፣ በጥንቱ የአማራ አውራጃ ውስጥ የነበረ ስመ ጥር ቦታ ነው። በዚያ የነበረው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጥሏል። እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስ ያደጉት ታላቅ ሕንፃ ፈርሶ ዝናው ብቻ በቀረበት አካባቢ ነው ማለት ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት አደጉ፤ ግዕዝን ጠንቅቀው ተማሩ፤ አማርኛ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር።

ዘመኑ አስቸጋሪ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚስዮኖች አማካይነት በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በዚህ ምክንያት አገር ተከፋፈለ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ብዙም ሳይቆይ ሚስዮኖቹ ከአገር ተባረሩ። ከእነሱ ጋር የቆሙት ኢትዮጵያውያንም መድረሻ አጡ።

አባ ጎርጎርዮስ ከኢየሱሳውያን ወገን ሆነው ስለነበር የስደት ዕጣ ደረሰባቸው። በዚያ ክርክር ማን ትክክል ነበር የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ልናስተውለው የሚገባን አንድ ነገር ነው። በገዛ አገራቸው ቦታ ያጡት እኚህ ሰው፣ አገራቸውን በዓለም ካርታ ላይ ትክክለኛ ቦታዋን እንድታገኝ የረዱ ሰው ሆኑ።

በሮማ የተገናኙ መምህርና ተማሪ

ሮማ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበር። ከኢየሩሳሌም የሚመጡ መነኮሳትና ስደተኞች የሚያርፉበት ቤት ነው። ከዚህ ቤት ብዙ ነገር ወጥቷል። በ1513 በሮማ ለታተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊትና በ1548 እና በ1549 በአባ ተስፋ ጽዮን ጥረት ለታተመው የግዕዝ ሐዲስ ኪዳን መነሻው ይኸው ቤት ነበር። አባ ጎርጎርዮስም በ1649 በዚሁ ቤት ነበሩ።

በዚያ ዓመት አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት በሩን አንኳኳ። ስሙ ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ የኤርፉርት ከተማ ተወላጅ ነው። በኋላ ሃያ አምስት ያህል ቋንቋዎች ያውቅ እንደነበር ይነገርለታል። ሮማ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ ኢትዮጵያውያን በከተማው እንዳሉ ሲሰማ ሊያገኛቸው ሄደ። ግዕዝን ከመጻሕፍት ለብቻው ተምሮ ነበር። ግን ቋንቋን ከመጽሐፍ መማርና ከባለቤቱ አፍ መስማት እኮ የተለያዩ ናቸው! በመጀመሪያ በአፍ ለመግባባት ተቸገሩ፤ በጣልያንኛ የሚያስተረጉም ሰው አስፈለጋቸው። እየቆዩ ግን ተለማመዱና በቀጥታ መነጋገር ጀመሩ።

እዚህ ላይ የሁለቱን ሰዎች አቋም ልብ እንበል። አንደኛው ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አገር አልባ የሆኑ ስደተኛ ቄስ ናቸው። ሁለተኛው የተማረ፣ ሰፊ ዕድል የተከፈተለት የአውሮፓ ወጣት ነው። በመካከላቸው የነበረው ግንኙነት ግን የመምህርና የተማሪ ነበር፤ መምህሩም ስደተኛው ቄስ ነበሩ። ሉዶልፍ ይህን ደብቆ አያውቅም። ስለ ኢትዮጵያ ያወቀውን ምን ያህሉን ከአባ ጎርጎርዮስ እንዳገኘው በመጽሐፎቹ ውስጥ ደጋግሞ ገልጿል፤ በ1691 ባወጣው መጽሐፍም የመምህሩን ሥዕል አትሞበታል።

ጥያቄና መልስ በጎታ

ሉዶልፍ ወደ አገሩ ተመልሶ በጎታ መስፍን በኤርነስት ዘንድ አገልግሎት ገባ። መስፍኑ ትምህርትን የሚወድ፣ በግዛቱ ውስጥ የሕፃናትን ትምህርት ያስፋፋ ሰው ነበር። ስለ ኢትዮጵያዊው ቄስ ሲሰማ እንዲጋበዙለት ፈለገ። አባ ጎርጎርዮስም ጥሪውን ተቀብለው የአልፕስን ተራራ ተሻግረው በ1652 የበጋ ወራት ጎታ ደረሱ። ፍሪደንሽታይን በሚባለው የመስፍኑ ግንብ ሰነበቱ።

በዚያ የተካሄደው ነገር ለእኛ ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። በዛሬው አነጋገር ቃለ መጠይቅ ነው። ስለ አገሪቱ አቀማመጥ፣ ስለ አየሯ፣ ስለ እንስሳቷና እጽዋቷ፣ ስለ ነገሥታቷ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ፣ ስለ ሕዝቡ አኗኗር፣ ስለ ቋንቋዎቿ ይጠየቃሉ፤ ይመልሳሉ፤ መልሱ ይጻፋል። ሉዶልፍ በመጽሐፍ ያነበበውን ያቀርባል፤ አባ ጎርጎርዮስ ልክ የሆነውን ልክ ነው ይላሉ፣ ያልሆነውን ያርማሉ።

ከታረሙት ነገሮች ዋናው የዓባይ ጉዳይ ነበር። ዓባይ ከጎጃም ምድር እንደሚመነጭ፣ ከጣና ሐይቅ ጋር እንደሚገናኝ፣ ከዚያም ወጥቶ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ሱዳን እንደሚወርድ አባ ጎርጎርዮስ አስረዱ። ይህ ለጎጃም ገበሬ አዲስ ነገር አይደለም፤ ውሃውን በየቀኑ የሚያየው ነው። ለአውሮፓ ሊቃውንት ግን ከበጥሊሞስ ጀምሮ የወረሱትን የሚያፈርስ ነበር።

አባ ጎርጎርዮስ ጥቂት ወራት ከቆዩ በኋላ ወደ ሮማ ተመለሱ። ከሉዶልፍ ጋር ግን በደብዳቤ መገናኘታቸውን አላቋረጡም። ሉዶልፍ ያልገባውን በግዕዝ ጽፎ ይጠይቃል፤ እሳቸውም በግዕዝ ይመልሳሉ። ከእነዚህ ደብዳቤዎች የተረፉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ታትመዋል። ዛሬ በርቀት ትምህርት የምንለው ነገር በዚያን ጊዜ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ይካሄድ ነበር ብንል ያስኬዳል።

አገራቸውን ሳያዩ

አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን አልረሱም። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ ጉዞ ጀመሩ። ነገር ግን በሜዲትራንያን ባሕር፣ በአሌክሳንድሬታ ወደብ አጠገብ (ዛሬ በቱርክ ግዛት የምትገኘው እስከንደሩን ናት)፣ መርከባቸው ተሰበረና ሰጥመው ሞቱ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ ነበር። መቃብራቸው በአገራቸው አፈር ላይ አልሆነም።

በሞቱበት ጊዜ ካስተማሩት አብዛኛው ገና አልታተመም ነበር። ፍሬው መታየት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። በ1661 የሉዶልፍ የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለንደን ላይ ወጣ። በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለው ትልቅ መጽሐፉ በፍራንክፈርት ታተመ። በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በማተሚያ ቤት የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስው ይህ ነው። መምህሩ ከሞቱ አርባ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሉዶልፍ ራሱ በ1704 እስኪሞት ድረስ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ያያት በአባ ጎርጎርዮስ ዓይን ነው።

አዲሱ ካርታ

የኢትዮጵያ ካርታ በ1683 ታተመ። በእርግጥ ሁሉም ነገር ከአባ ጎርጎርዮስ የተገኘ ነው ብንል እውነቱን እናዛባለን። ሉዶልፍ ፖርቱጋላዊው ማኑኤል ዴ አልሜይዳ የሠራውንና በ1660 በባልታዛር ቴሌዝ መጽሐፍ ላይ የወጣውን ካርታ ተጠቅሟል። አልሜይዳና ጓደኞቹም አገሩን በእግራቸው የረገጡ ሰዎች ነበሩ። ሉዶልፍ ያደረገው የእነሱን ካርታ ከአባ ጎርጎርዮስ ቃል ጋር ማመሳከር ነው። ሁለት ምንጭ አቅርቦ ማስተያየት ማለት ይህ ነው።

ውጤቱን ከኦርቴልዮስ ካርታ አጠገብ ብናስቀምጠው ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ይዞራል። የጨረቃ ተራሮች ከአገሪቱ ጫንቃ ላይ ወርደዋል። ከዚያ በኋላ የመጡ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይህን ካርታ መነሻ አድርገው ሠርተዋል።

ስም ከመልክ በላይ ይቆያል

በዚህ ካርታ ላይ ግን አንድ የሚያስተምር ነገር ቀርቷል። ሉዶልፍ በታሪክ መጽሐፉ ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ የሚለው መጠሪያ ከስሕተት የመጣ መሆኑን አስረድቷል። ሆኖም የካርታው ርእስ ላይ ይኸው ስም ታትሟል። አየህ፣ የወንዙ መንገድ ታረመ፣ የአገሩ ቦታ ታረመ፣ ስሙ ግን እንደ ልማዱ ቀረ። የቦታ መልክ ሲለወጥ ስም ወደ ኋላ ይቀራል፤ አንዳንዴም ስሙ ሳይለወጥ የሚያመለክተው ቦታ ይለወጣል።

ለዚህኛው አማራ የሚለው ስም ምሳሌ ይሆነናል። በአባ ጎርጎርዮስ ዘመን አማራ ሲባል ከዓባይ በስተምሥራቅ፣ በዛሬው ወሎ ውስጥ ያለ አንድ አውራጃ ማለት ነበር፤ በሉዶልፍ ካርታ ላይ ጎጃምና በጌምድር ለየብቻቸው ተጽፈዋል። ዛሬ የአማራ ክልል ስንል እነዚያን ሁሉ ያጠቃልላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ የድሮ ካርታ ቢሰጡት ወይ ካርታው ተሳስቷል ይላል፣ ወይ የዛሬውን ተሳስቷል ይላል። ሁለቱም ግን በየዘመናቸው ልክ ናቸው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው ገበያ በፊት በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ነበር። በጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. (በእኛ አቆጣጠር) ባለው ጊዜ፣ ወራሪዎቹ የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ አንሥተው ወደ ምዕራብ አዛወሩት። በቋንቋቸው ገበያ ለማለት መርካቶ አሉት። ወራሪው ተባረረ፤ ስሙ ግን ቀረ። አራዳ ላይም ፒያሳ የሚለው የጣልያን ቃል ቀርቷል። እነሆ መርካቶ ሲወርድ ሲዋረድ የራሳችን ቃል ሆነና በውስጡ ጭድ ተራን፣ ሸማ ተራን፣ ቦምብ ተራን፣ ምናለሽ ተራን ወለደ። ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ የሚወስደው የጥቂት ደቂቃ መንገድ ራሱ የታሪካዊ አትላስ ሁለት ገጽ ነው።

ለመማሪያ ክፍል የሚሆን ሥራ

በአገራችን ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም በ1970 ያሳተሙት የኢትዮጵያ አትላስና የካርታ ሥራ ድርጅት በ1988 ያወጣው ብሔራዊ አትላስ ለመምህር ታላቅ መሣሪያዎች ናቸው። ነገር ግን መጽሐፍ በእጃችን እስኪገባ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። በመርካቶ ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ልምምድ የምንወጣ ዕጩ መምህራን የሚከተለውን ልንሞክር እንችላለን።

በመጀመሪያ፣ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸውን አካባቢ የዛሬ ካርታ በአንድ ወረቀት ላይ ይሥሉ፤ መንገዱን፣ ተራዎቹን፣ አውቶብስ ተራን፣ የእምነት ቤቶቹን ያሳዩ።

ቀጥሎ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት በላዩ ላይ ያድርጉና በሠፈሩ ለረጅም ዓመታት የኖሩ ሽማግሌዎችን፣ እናቶችንና ነጋዴዎችን ይጠይቁ። ይህ ቦታ ድሮ ምን ነበር? ጭድ ተራ ሲባል ለምንድን ነው? ዛሬስ ምን ይሸጥበታል? መልሱን በስሱ ወረቀት ላይ ያስፍሩ።

በመጨረሻ፣ የሁለት ሰዎች መልስ የማይገጥም ከሆነ መምህሩ ቸኩሎ አንዱን አይጣል። ሉዶልፍ የአልሜይዳን ካርታ ከአባ ጎርጎርዮስ ቃል ጋር እንዳመሳከረ፣ ተማሪዎቹም ሦስተኛ ሰው ይጠይቁ፣ ቦታው ላይ ሄደው ይዩ። የእያንዳንዱ መልስ ሰጪ ስም፣ ፈቃደኛ ከሆነ፣ በካርታው ግርጌ ይጻፍ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ሉዶልፍ የመምህሩን ስም ባይጽፍ ኖሮ፣ ዛሬ አባ ጎርጎርዮስ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አናውቅም ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ሕይወት የምናገኘው ትምህርት ደስታም ኀዘንም አለበት። ደስታው፣ አገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው በትዕግሥት ሲያስተምር የ1400 ዓመት ስሕተት እንኳ ሊቃና መቻሉ ነው። ኀዘኑ ደግሞ፣ ዕውቀቱ በላቲን ቋንቋ ታትሞ በውጭ አገር ሲቀር፣ ባለቤቱም ባሕር ላይ ሲቀሩ፣ የኢትዮጵያ ልጆች ግን ያንን ካርታ ለረጅም ዘመን ሳያዩት መኖራቸው ነው። ሰው ጠይቆ መረዳት፣ የተረዱትን ጽፎ ማስቀመጥ፣ የጻፉትንም ለአገር ልጅ በአገር ቋንቋ ማስተማር፤ የጎደለው ሦስተኛው ነበር። እሱን የመሙላቱ ሥራ አሁን በእኛ በመምህራን እጅ ነው።